የጭምት አምባው ዝምተኛ ዘበኛ

አንድ ጊዜ፣ ከጫካው ጫጫታ ርቆ በአንድ ኮረብታ ላይ፣ ጭምት አምባ የሚባል ሰፈር ነበር። ልጆች ያሏቸው እንስሳት ሁሉ እዚያ ለመኖር ይመኙ ነበር። አጥሩ ሁሉ አንድ ቁመት ነው። መንገዱ ላይ ኩበት አይታይም። በየደጁ ለስላሳ ሣር በቅሏል፤ መብላት ግን ክልክል ነው፤ የሚታይ ሣር ነውና። በጎቹ ሲርባቸው ኮረብታውን ወርደው፣ ሜዳው ላይ ግጠው፣ አፋቸውን ጠርገው ይመለሳሉ። እመት በግ ታዲያ ዘመድ ሊጠይቃት በመጣ ቁጥር፣ «የእኛ ሰፈር ሣር አይበላም» ትላለች በኩራት። ዘመዶቿም ምራቃቸውን እየዋጡ ያደንቁላታል።

የሰፈሩ ትልቁ ኩራት ግን ጸጥታው ነበር። አንዱ ከፍ አድርጎ የሳቀ እንደሆነ መስኮቶች ይከፈቱና፣ «እሽሽ! ልጆች ተኝተዋል!» ይባላል። ረፋድ ይሁን ቀትር፣ በጭምት አምባ ልጆች ሁልጊዜ እንደተኙ ናቸው። ልጆቹ ራሳቸው በመስኮት አንገታቸውን አውጥተው እያዩ እንኳ፣ ተኝተዋል ይባላል።

በዚህ ሰፈር አህያ ከሚስቱ ከአህይትና ከውርንጭላቸው ጋር ይኖር ነበር። ጭነት አይመርጥም፣ ከማንም አይጣላም። አንድ ልማድ ብቻ ነበረው፤ ጎህ ሲቀድ ያናፋል። ሲጀምር የሚያነጥስ ይመስላል፤ መሐል ላይ ይረዝማል፤ መጨረሻው ላይ ድምፁ ይሰነጠቅና ትንፋሹ ያልቃል። አህይት ከእንቅልፏ የምትነቃው በዚያ ድምፅ ነበር። መጨረሻው ሳይሰነጠቅ አትነሣም።

አንድ ቀን የሰፈሩ ኮሚቴ ሊቀ መንበር ቀበሮ ነዋሪውን ሰበሰበ።

«የተከበራችሁ ጎረቤቶች፣» አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፤ «ዘበኛችን ውሻ ጩኸት አበዛ። ቅጠል ሲወድቅ ይጮኻል፤ ጥላ ሲያይ ይጮኻል። በቀደም እኔ ራሴ በእመት ዶሮ አጥር ሥር ሳልፍ ጮኸብኝ።»

«በእኔ አጥር ሥር ምን ይሠሩ ነበር?» አለች ዶሮ።

«አየር እየተቀበልኩ ነበር፣ እመት ዶሮ። አየር መቀበል ነውር ሆነ?»

«ኧረ አይደለም፤ ምን ነውር አለው!» አሉ ጎረቤቶች በሹክሹክታ።

«እንግዲያው ውሻን አሰናብተን፣ አያ ጅቦን እንቅጠር። ሲራመድ ኮቴው አይሰማም። ሰፈሩን ሲዞር ቢያድር ማንንም አይቀሰቅስም።»

ጅብ ለሃጩን እያዝረበረበ ገባና በተሰብሳቢው መሐል ቆመ።

«አያ ጅቦ፣ ጩኸት ታበዛለህ?» ሲል ጠየቀው ቀበሮ።

«ስበላ አልጮኽም» አለ ጅብ።

«ጨዋታ ይወዳል» አለ ቀበሮ ቶሎ ብሎ።

እመት በግ በደስታ አንገቷን ነቀነቀች። «እንዴት ያለ ጨዋ ነው! ልጆቼንስ እንዴት ባለ ፍቅር እንደሚያያቸው አያችሁልኝ?»

አህያ ግን ተነሣ። «ጎበዝ፣ የማይጮኽ ዘበኛ ሌባ ሲያይ ምን ሊያደርግ ነው?»

«ቀስ ብሎ ይነግረዋላ» አለ ቀበሮ።

«ሌባው እሱ ራሱ ቢሆንስ?»

«እሽሽ! አያ አህያ! ልጆች ተኝተዋል!» አለ ሰፈሩ ሁሉ።

ውሻም አንዲት አጥንቱን በአፉ ይዞ፣ ከወንዙ ማዶ ወዳለው ወደ ጫጫታ ሜዳ ተሰደደ። በዚያው ስብሰባ ላይ አህያ ማናፋት ሲያምረው ወንዝ ዳር ወርዶ እንዲያናፋ ተወሰነ። አህያ ሚስቱን አያት። አህይት አንገቷን ደፍታ፣ «ለልጃችን ብለህ ተወው» አለችው። «ደህና ሰፈር ነው፤ ጎረቤቶቹም ጨዋ ናቸው።» አህያ ይወዳት ስለነበር እሺ አላት።

ከዚያ ወዲህ ጎህ ሲቀድ ወንዝ ዳር ይወርዳል፤ አናፍቶ ይመለሳል። ድምፁ ከሩቅ ቀጥኖ ይመጣል፤ አህይት ግን በሱው ትነቃለች።

አንድ ማለዳ ድምፁ እንደ ወትሮው እንደ ማነጠስ ብሎ ጀመረ። መሐል ላይ ረዘመ። መጨረሻው ግን አልመጣም። አህይት መጨረሻውን እየጠበቀች ቆየች፤ አሁንም አልመጣም። ወጥታ ብታይ ጅብ ሆዱ ተነፍቶ፣ ከንፈሩን እየላሰ ከወንዙ በኩል ሲመጣ አገኘችው።

«አያ ጅቦ፣ ባሌን አላየህም?»

«አየሁት።»

«ታዲያ ወዴት ሄደ?»

ጅብ ማሰብ ልማዱ ስላልሆነ ሆዱን አሻሸ። «ሩቅ አልሄደም» አለ።

ወንዝ ዳር የአህያ ኮቴዎች ብቻ ተገኙ። ኮሚቴው ጉዳዩን አጣርቶ፣ ወንዝ ወስዶት ነው አለ።

አህይት ቀበሮ ዘንድ ሄደች። «ድንኳን ልጣልና ዘመድ ተሰብስቦ ላልቅስለት» አለችው። በአህዮች ወግ ሟች የሚሸኘው በመንጋው ሁሉ ማናፋት ነውና።

«ሐዘንዎ ሐዘናችን ነው፣ እመት አህያ» አለ ቀበሮ እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ። «ሐዘኑን እንካፈልዎታለን፤ ድምፁን ግን መካፈል አንችልም።»

ጎረቤቶች ለቅሶ ሊደርሱ መጡ፤ ተራ በተራ፣ በጣታቸው እየረገጡ። ቀበሮ ከዶሮ ጎን ተቀምጦ ጫጩቶቿን በዓይኑ ይመዝን ነበር። እመት በግ አህይትን አቅፋ በጆሮዋ፣ «እግዚአብሔር ያጽናዎት። ማልቀስ ያቀልልዎታል፣ ያልቅሱ» አለቻት። «በእንባ ብቻ ግን፣ እሺ?»

ጎረቤቶች ሲሄዱ ውርንጭላው፣ «እማዬ፣ ለአባዬ መቼ ነው የምናለቅስለት?» ሲል ጠየቀ።



ከዚያ በኋላ አንድ ማለዳ፣ ጉሙ ሰፈሩን ሸፍኖት ሳለ፣ ጅብ በሯ ላይ ቆመ።

«እንደምን አደሩ፣ እመት አህያ። ለጥበቃ ነው የመጣሁት።»

«ምን ልትጠብቅ?»

«ውርንጭላውን። እርስዎ ወደ ሜዳ ይውረዱ፤ እኔ አለሁለት።»

ይህን ሲል ጥርሱ መሐል የተሰካ የጭራ ፀጉር አየች። ጫፉ ነጣ ያለ ነው። ታውቀዋለች፤ ዝንብ ሲመታላት የኖረ ጭራ ነው።

«ይህ ፀጉር የማን ነው?» አለች።

ጅብ ጥርሱን ለማየት ዓይኑን አጣመመ። «የሱ ነው፣ የባልዎ። ምን ያለ ጨዋ ነበር መሰለዎት! መሐሉ ላይ ዝም አለ። እርስዎም እንዳይጮኹ፤ ልጆች ተኝተዋል።» ይህን ብሎ የውርንጭላውን እግር ያዘ።

አህይት አናፋች። ሲጀምር የሚያነጥስ ይመስል ነበር። መሐሉ ረዘመ፤ ረዘመና በሰፈሩ ያለ መስኮት ሁሉ ተንቀጠቀጠ። ያ ወንዝ ዳር ተቋርጦ የቀረው መጨረሻም እዚያው በሯ ላይ ተሰነጠቀ።

መስኮቶች ተከፈቱ። «ኧረ እመት አህያ! በጠዋቱ!»

«ጅብ ነው! ልጄን ሊበላብኝ ነው!»

«ቢሆንስ! ቀስ ተብሎ አይነገርም?»

ከወንዙ ማዶ ግን ውሻ ጆሮውን አቆመ። «ይህማ የአያ አህያ አናፋፍ ነው! የቤቱ ሰው ተቸግሯል!» ብሎ ጮኸ። በጫጫታ ሜዳ አንዱ ሲጮኽ ሌላው ምን ሆነ ብሎ አይጠይቅም፤ እየጮኸ ይሮጣል። ውሻው፣ ፍየሉ፣ በሬው ወንዙን እያንቦጫረቁ ደረሱ። ጅብ ቂጡን ተነክሶ ሸሸ። ውርንጭላው እያነከሰ ወደ እናቱ ተጠጋ።

በዚያው ቀን ኮሚቴው ተሰበሰበ፤ ስለ ጩኸቱ ሊነጋገር።

«ባሌን በልቷል!» አለች አህይት።

«ሲበላ ድምፅ የሰማ አለ?» ሲል ቀበሮ ጠየቀ።

«የለም» አሉ ጎረቤቶች።

«እንግዲያው ዘበኛችን ሥራውን በጸጥታ ነው የሠራው። በሥራው ይቀጥል።»

 አህይት ልጇን አስከትላ ወጣች። ከእመት በግ ደጅ ስትደርስ ግን ቆም አለችና ያንን የሚታይ ሣር አፏን ሞልታ ነቅላ ቆረጠመችው። ውርንጭላውም እንደ እናቱ አደረገ። እመት በግ ከድንጋጤዋ የተነሣ ልትጮኽ ምንም አልቀራት።

በጫጫታ ሜዳ ድንኳን ተጣለ። አህያውን በሕይወቱ አይተውት የማያውቁ ሁሉ አናፉለት፣ ጮኹለት፣ አገሱለት።

ጅብም አህያ በሌለበት ሰፈር ራበው። አንድ ቀን ፀሐይ ስታዘቀዝቅ፣ በጫጩት የወፈረውን ቀበሮ በሩ ላይ ተቀምጦ አገኘውና ጎኑን ያዘው።

«አያ ጅቦ! እኔ እኮ ነኝ የቀጠርኩህ!»

«አውቃለሁ፤ እግዜር ይስጥልኝ» አለ ጅብ፣ አፉን ከጎኑ ሳያላቅቅ።

«ኡኡ! ጎረቤት! ድረሱልኝ!» ቀበሮ ባለ በሌለ ድምፁ ጮኸ።

መስኮቶች አንድ በአንድ ተከፈቱ። እመት በግ አንገቷን አወጣች።

«እሽሽ! አቶ ቀበሮ! ከእርስዎ እንዲህ ያለ ነገር አይጠበቅም! ልጆች ተኝተዋል!»

መስኮቶቹ ተዘጉ። ጭምት አምባ እንደ ቀድሞው ጸጥ አለ።

በማግስቱ ጎህ ሲቀድ፣ ከወንዙ ማዶ ውርንጭላው ለመጀመሪያ ጊዜ አናፋ። ሲጀምር የሚያነጥስ ይመስል ነበር። አህይት ዓይኗን ጨፍና እስከ መጨረሻው ሰማችውና ተነሣች።

ከዚህ የምንማረው፣ የጎረቤቱን ለቅሶ እንደ ረብሻ የሚቆጥር ሰፈር፣ የራሱ ክፉ ቀን ሲመጣ ጩኸቱን የሚሰማለት ጎረቤት እንደማያገኝ ነው።