አርብ ቀን በር ላይ የተዘረጋው መዝገብ

በወረርሽኙ ጊዜ ምግብ ቤት የገባ ሁሉ ስሙንና ስልኩን በር ላይ በተዘረጋ መዝገብ እንዲጽፍ ታዘዘ። አንዲት ልብስ ሰፊ አርብ ቀን ሽሮ ልትበላ መጥታ፣ «ባለፈው ብጽፍ የማላውቀው ወንድ ሁሉ ሲደውልልኝ ሰነበተ፤ አሁንስ አልጽፍም» አለች።

ይህን ጊዜ በጾም አጥባቂነታቸው ሰፈሩ የሚያከብራቸው የሰበካ ጉባኤው ሊቀመንበር አቶ ዘውገ ከውስጠኛው ክፍል ብቅ አሉ።

«ንጹሕ ሰው ምን ይደብቃል? ጻፊ፣ አለዚያ ውጪ» ብለው ተቆጧት።

ልብስ ሰፊዋ ጺማቸው ላይ የቀረውን ቅቤ አየችና እስክሪብቶውን በሁለት እጇ አቀረበችላቸው።

«እውነትዎን ነው አባቴ፣ እጽፋለሁ። ግን ታላቅ ሳይቀድም ታናሽ ቢጽፍ ነውር ነው። እርስዎ ‹ዘውገ፣ አርብ፣ ክትፎ› ብለው ይጀምሩልኝ፤ እኔ ከሥርዎ ‹ሽሮ› ብዬ እከተላለሁ።»