ዝናብ የሚለኩት ሴት

«አንድ መምህር ነበረ፤» አሉ ዶክተር አየናቸው። ተማሪያቸው ትርሲት የትኛው የከተማ ቦኖ ውኃ እንዳለው የሚያሳየውን የመመረቂያ ሥራዋን ጠረጴዛቸው ላይ አስቀምጣ፣ «ካርታውን ፕሮግራሜ በኤፒአይ የሌላ ድርጅት ኮምፒውተር ጠይቆ ያመጣው የሰው ነው፤ መረጃውም ያለው በኢንተርኔት በተከራየሁት የሰው ኮምፒውተር፣ ክላውድ ላይ ነው። ታዲያ የኔ ነው ብዬ ስሜን ልጻፍበት ወይስ ይቅርብኝ?» ብላ ጠይቃቸው ነበር።

መምህሩ በአንድ የግብርና ኮሌጅ ኮምፒውተር ያስተምር ነበር። ብልህ ነው፤ ብልሃቱን ግን ኩራቱ ይቀድመው ነበር። ሰው መለመን ሞቱ ነው። ባልደረቦቹ የሌላ ድርጅት መረጃ በኢንተርኔት ሲጠይቁ ባየ ቁጥር፣ «የሰው ወርቅ አያደምቅ» ይላል።

በዚያ ዓመት ተመራቂዎቹ ምርጥ ዘር አገኙ፤ መጠኑ ግን ለአንድ ጊዜ ብቻ የሚበቃ ነበር። ያለጊዜው ተዘርቶ መሬት ውስጥ ከደረቀ ምርምራቸው ይቀራል፣ ምረቃቸውም በዓመት ይገፋል። መምህሩ የመዝሪያውን ቀን የሚናገር ፕሮግራም ልሥራላችሁ አለ፤ ሠራም። ዝናቡን የቢሮው ጣሪያ ላይ ባሰረው ጣሳ ይለካል፣ ልኩን ጠረጴዛው ሥር ባለው ኮምፒውተር ያስቀምጣል። ምስኪኑ ፕሮግራም፣ ሁለት ክረምት ብቻ አይቶ በሰማይ ላይ ሊፈርድ ተቀመጠ።

ሰኔ ሲገባ ሦስት ቀን ዘነበ። ፕሮግራሙ «ዝሩ» አለ። በሬዎቹ ተጠምደው፣ የዘሩ ከረጢት ተፈትቶ ሳለ አንዲት ተማሪ ጠጋ ብላ፣ «መምህር፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ አባቴ በመጀመሪያው ዝናብ ዘርቶ ዘሩ መሬት ውስጥ ቀርቶበት ያውቃል። ብዙ ክረምት ያየውን ቢጠይቁልን ምናለ?» አለችው።

ተቆጣ። ነገር ግን ከረጢቱን አየ፤ የልጆቹንም ፊት አየ። «ቆዩ» ብሎ ወደ ቢሮው ተመለሰና፣ በሕይወቱ ለመጀመሪያ ጊዜ ለአንድ የአየር ሁኔታ መረጃ አገልግሎት አምስት መስመር ጥያቄ ላከ። መልሱ ወዲያው መጣ፤ የዚያው አካባቢ የሠላሳ ዓመት ዝናብ፣ ቀን በቀን። በአብዛኛው ዓመት የሰኔ መጀመሪያ ዝናብ ሦስት አራት ቀን ጥሎ ይጠፋል። ወጥቶ፣ «በሬዎቹን ፍቱ፤ ተሳስቻለሁ» አለ። እውነትም ዝናቡ ለአሥራ ሁለት ቀን ጠፋ። ሲመለስ ዘሩ፤ በቀለላቸውም። አዝመራው ገብቶ አንድም ሳይቀር ተመረቁ።

መምህሩን ግን አንድ ነገር እረፍት ነሳው፤ ሠላሳ ዓመት ሙሉ ማን ለካ? መልሱ ላይ ዝናቡ የተለካበት ጣቢያ ስም ነበር፤ ከወንዙ ማዶ ያለ መንደር ነው። በእግሩ ሄደ። ጠና ያሉ ሴት በግቢያቸው ከቆመው የዝናብ መለኪያ አጠገብ አገኘ። ሁልጊዜ ጠዋት በሦስት ሰዓት የዘነበውን ለክተው ይጽፋሉ።

«አንድም ቀን ሳይለኩ ቀርተው አያውቁም?» አላቸው።

«ባለቤቴን የቀበርኩ ዕለት እንኳ ለክቼ ነው ከቤት የወጣሁት።»

«ማን እንደሚጠቀምበትስ ያውቃሉ?»

«ኧረ እኔ ምን አውቄ! ለሚፈልገው ይሆናል ብዬ ነው እንጂ። አንተ የማን ልጅ ነህ ልጄ?»

መምህሩ ጎንበስ ብሎ ጉልበታቸውን ሳመ፤ አለቀሰም። ያን ሁሉ ዓመት «የሰው ወርቅ» እያለ የናቀው የእኚህን ሴት ድካም ነበር።

ዶክተር አየናቸው ይህን ተናግረው ወደ ትርሲት ዞሩ።

«አንቺም እንደ እሱ ነሽ ልጄ። ካርታውን የላከልሽ ማሽን ይመስልሻል፤ ከበስተኋላው ግን መንገዱን በእግሩ ዞሮ የለካ ሰው አለ። ክላውድ የምትይውም ስሙ ደመና ቢሆን ሰማይ ላይ የተንሳፈፈ አይደለም፤ ሲበላሽ ሮጦ የሚጠግነው ሰው አለው። ውኃ ፍለጋ ጄሪካን ተሸክሞ የሚንከራተተውን አይተሽ ያሰብሽው አንቺ ነሽ፤ ያንን ማንም አላዋሰሽም። ስለዚህ ስምሽን ጻፊ፣ አትፈሪ። ከዚያ በፊት ግን የምስጋናውን ገጽ ጻፊ። የምታውቂያቸውን በስማቸው፣ የማታውቂያቸውን በሥራቸው እየጠራሽ አመስግኚ። ሥራው ያንቺ የማይሆነው ይህን ሁሉ ሰው ረስተሽ ‹ብቻዬን ሠራሁት› ያልሽ ዕለት ነው።»