በእርጥብ እግር የተመረጠ ጫማ

አንድ ጊዜ፣ ዝናብ በቀረበትና ሜዳው ሁሉ ገለባ በመሰለበት ዓመት፣ አንዲት አህያና አንድ ጅብ በሐይቅ ዳር ባለ ጨፌ ተጣሉ። ጨፌው እርጥበት ስለማይለየው በዚያ ድርቅ እንኳን ሣሩ ለምለም ነበር። እመት አህያ የፈለገችው ለውርንጭላዋ ስትል ነው። ውርንጭላዋ ገና ጡት የምትጠባ፣ እግሯ በቅጡ ያልጠና ነበረች። እናትየው ሣር ካላገኘች ወተት የላትም፤ ወተት ከሌለ ደግሞ ልጅቷ ክረምቱን አታየውም። አያ ጅቦ በበኩሉ ሣር አይበላም። ጨፌውን የፈለገው ሣር የሚበሉት ሁሉ ወደዚያ ስለሚመጡ ነው። ይህን አፍ አውጥቶ አልተናገረም፤ ባይናገርም ሁሉም ያውቅ ነበር።

ጠቡ አያ አንበሶ ዘንድ ደረሰ።

«ጌታዬ፣ ጨፌው የአባቴ ነው» አለ አያ ጅቦ።

«አባትህ ሣር ይበላ ነበር?»

«ሣር እንኳን አይበላም ነበር፤ እዚያ መተኛት ግን ይወድ ነበር።»

«አንቺስ ምን ትያለሽ?»

«እኔ ብዙ የምለው የለኝም ጌታዬ» አለች እመት አህያ። «ልጄ ተርባለች።»

አያ አንበሶ ማን እንደሚዋሽ አላጣውም። ነገር ግን ጅብን በክርክር መርታት ቀኑን ሙሉ እንደሚፈጅ ስለሚያውቅ ጉዳዩ በውድድር እንዲያልቅ ፈረደ።

«መጀመሪያ ሐይቁን ዋኝታችሁ ትሻገራላችሁ። ከዚያ ብስክሌት ይዛችሁ ዳር ዳሩን ትዞራላችሁ። በመጨረሻ ከብስክሌት ወርዳችሁ፣ ጫማችሁን አድርጋችሁ፣ በጭንጫው ላይ እስከዚህ ቋጥኝ ትሮጣላችሁ። ቀድሞ ቋጥኙን የነካ ጨፌውን ይወስዳል። የተሸነፈ አገር ለቅቆ ይሄዳል። ጫማውን ከእመት ቀበሮ ሱቅ መርጣችሁ ውሰዱ፤ የኔ ስጦታ ነው።»

አህያና ጅብ ብስክሌት ይነዳሉ ወይ ብሎ የሚጠይቅ አንባቢ አይጠፋም። በዚያ አገር ይነዱ ነበር፤ በፊት እግራቸው መሪውን ይይዛሉ፣ በኋላ እግራቸው ፔዳሉን ይመታሉ። የአህያ ሰኮና ጠንካራ ስለሆነ ጫማ ምን ያደርግላታል የሚልም ቢኖር ያንን ጭንጫ አላየውም ማለት ነው። ድንጋዩ እንደ ምላጭ የሚቆርጥ ነበር፣ የእመት አህያ ሰኮናም ከጭነት ብዛት ተሰነጣጥቋል።

እመት አህያ ፍርዱን ሰምታ ስትመለስ የምታስበው ሌላ ነገር ነበር። ከአገር የሚያስወጣው መንገድ የሚያልፈው በአያ ጅቦ ዋሻ ደጃፍ ነው። ከተሸነፈች ውርንጭላዋን ይዛ በዚያ በኩል ማለፍ አለባት። ይህን እያሰበች ወደ ልጇ ተጣደፈች።

በማግስቱ ሁለቱም እመት ቀበሮ ሱቅ ሄዱ። እመት ቀበሮ ከምትሸጠው ዕቃ ይልቅ የገዢውን ጠባይ አጥብቃ የምታጠና ነጋዴ ናት። አያ ጅቦ ገና ከበሩ ሲገባ አፍንጫው ወደ ቆዳ ጫማዎቹ መዞሩን አየች። እዚያ ጋ እስከ ጉልበት የሚደርስ፣ ከላይ እስከ ታች በክር የሚታሰር ቡትስ ጫማ ነበራት። ማንም አልገዛ ብሏት አቧራ ሲጠጣ ኖሯል።

«ለእርስዎ የሚሆን ጫማ ከዚህ ሌላ የለኝም አያ ጅቦ» አለች አቧራውን በጭራዋ እየጠረገች። «ማሰሪያውን ይዩት! የበሬ ቆዳ ነው።»

«በሬ?» አለ አያ ጅቦ፣ ምራቁን ዋጥ አድርጎ።

«በሬ። ያውም የሰባ በሬ።»

«ከዚህ የሚበልጥ ትልቅ አለ?»

«ከዚህ የሚበልጥ የለም።»

«ስጦታ ነው አይደል? እንግዲያው እሱን አምጪው።»

ቁጭ ብሎ አራቱንም አጠለቀ። ክሩን በየቀዳዳው እያስገባ፣ እያጠበቀ፣ እየቋጠረ፣ ሲበቃው ተነሥቶ መስታወት ፊት ተንጎራደደ። ጊዜ ነበረው፤ እግሩም ደረቅ ነበር።

እመት አህያ ከሱ የተሻለ መረጠች ብለን ብንጽፍ ደስ ባለን። ግን እሷም ተሳሳተች። እመት ቀበሮ ቀይ፣ ቀለል ያለ፣ ሰኮናን ጥብቅ አድርጎ የሚይዝ ጫማ አውጥታ አደረገችላትና ጥቂት ራቅ ብላ አየቻት።

«እንዴት አምሮብሻል! ሙሽራ መሰልሽ እኮ!»

እመት አህያን በዕድሜዋ ሙሉ አምሮብሻል ያላት አልነበረም። ስትጫን ኖራ፣ ስትነዳ ኖራ፣ ደግ ቃል ስትሰማ ልቧ ቀለጠ። ቀዩን ጫማ ይዛ ወጣች።

በነጋታው ለልምምድ ሐይቁ ገባች። ዋኝታ ወጥታ፣ ብስክሌቷን ትንሽ ነድታ፣ ጫማዋን ልታጠልቅ ቁጭ አለች። እዚህ ላይ ጉዱ ፈላ። እርጥቡ ሰኮና ጫማው አፍ ላይ ተቸነከረ። ስትገፋው ገበሩ እየተጠቀለለ አብሯት ይገባል፤ ስታወጣው አሸዋ ይዞ ይወጣል። ያንን ሁሉ ታግላ አንድ እግሯን አጥልቃ ስትጨርስ ውርንጭላዋ ጠብቃ ጠብቃ እንቅልፍ ወስዷት ነበር። የቋጠረችውን ክር ልትፈታ ብትሞክር ደግሞ እርጥብ ስለነበር አልፈታ አላት።

«ገመድ ሲረጥብ እንደሚጠብቅ እኔ ካላወቅሁ ማን ሊያውቅ ነው?» አለች። ዕድሜዋን በጀርባዋ ላይ ገመድ ሲታሰርና ሲፈታ የኖረች እሷ ናት። በራሷ ተናደደች፤ ተኝታ ያለችውን ልጇን አይታም አለቀሰች።

አልቅሳ ስታበቃ ግን እንባዋን እንጂ እግሯን አልጠረገችም። ጭቃ እስከ ጉልበቷ እንደተለጠፈባት፣ ውኃው እየተንጠባጠበ፣ ቀጥ ብላ እመት ቀበሮ ሱቅ ገባች።

«በሕግ አምላክ!» ብላ ጮኸች እመት ቀበሮ። «ወለሌን እይው! ውጪና እግርሽን ጠራርገሽ ግቢ!»

«አልጠርግም እመት ቀበሮ። ጫማ የምሞክረው እንዲህ እንዳለሁ ነው።»

«ጤና የለሽም እንዴ? በጭቃ እግር ጫማ የሚሞክር የት አይተሻል?»

«በውድድሩ ቀን ከሐይቁ ስወጣ ፎጣ ይዞ የሚጠብቀኝ አለ?»

እመት ቀበሮ የፎጣውን ነገር ትታ ወደ ቀዩ ጫማ ዞረች።

«ቀዩስ ምን ሆነ? እንደዚያ አምሮብሽ!»

«ቀዩ ለሠርግ ይሆነኛል።»

እመት አህያ መደርደሪያው ላይ ያለውን ጫማ አንድ በአንድ ሞከረች። አንዱ ተረከዙ ጋ አላስገባ አላት። ሌላው ገባላት፣ ግን ውኃውን ቋጥሮ እንደ ባልዲ ከበዳት። አንዱ ደግሞ ውስጡ ያለው ስፌት እርጥብ ቆዳዋን ፋቃት። እመት ቀበሮ ከኋላ ከኋላዋ በጨርቅ ወለሉን እየጠረገች ታጉረመርማለች። በመጨረሻ ልትወጣ ስትል ዓይኗ በሩ ሥር አረፈ። በሩ በነፋስ እንዳይዘጋ አራት አሮጌ ሸራ ጫማ አንድ ላይ ታስሮ ተደግፎበታል። አፉ ሰፊ ነው። ምላሱ ወደ ፊት ይገለበጣል። ሸራው ወንፊት ስለሚመስል ውኃ አይዝም። እግሯን ብትሰድበት፣ ከነጭቃው ጥልቅ አለ።

«እሱን?» አለች እመት ቀበሮ። «እሱ እኮ የበር መደገፊያ ነው! መልክ የለውም።»

«ስሮጥ መልኬን ማን ያይልኛል?»

እመት ቀበሮ ትከሻዋን ነቀነቀች። በአንድ ሳምንት ውስጥ ቡትሱም የበር መደገፊያውም ከቤቷ ስለወጡላት በልቧ ደስ ብሏታል።

እመት አህያ ቤቷ ገብታ የጫማውን ክር በሙሉ አወጣችው። ከተቀደደ የብስክሌት ካላማዳሪ፣ ማለትም ጎማው ውስጥ አየር ከሚይዘው ቱቦ፣ ቀጭን ቀጭን ላስቲክ ቆርጣ በክሩ ፋንታ አስገባች፤ ሲስቡት ይለጠጣል፣ ሲለቁት እግር ይይዛል፣ መቋጠር የለ መፍታት የለ። ተረከዙ ላይ በጥርስ የሚነከስ ማንጠልጠያ ሰፋችበት። ከዚያ በየማለዳው ሐይቁ ገብታ ትወጣለች፣ ጫማውን በጥርሷ ትስባለች፣ ታጠልቃለች፣ ታወልቃለች፣ እንደገና ታጠልቃለች።

አንድ ቀን አያ ጅቦ በዚያ ሲያልፍ አይቷት በሣቅ ፈረሰ።

«ሌላው ሩጫ ይለማመዳል፣ አንቺ ጫማ ማድረግ ትለማመጃለሽ?»

«በሩጫውማ አንተ ትበልጠኛለህ አያ ጅቦ።»

መልሱ ደስ አለው። ደስ ስላለውም ከዚያ ወዲያ አላሰበበትም።

የውድድሩ ቀን ደረሰ። አያ ጅቦ ሰውነቴ ይቅለለኝ ብሎ ከዋዜማው ጀምሮ ምንም አልቀመሰም፤ ይህ ለሱ ትልቅ መሥዋዕት ነው። ሐይቁን እየሰነጠቀ ሄደ። እመት አህያ ከውኃው በላይ የሚታየው ጆሮዋ ብቻ ነበር። እሷ ሐይቁን ሳትሻገር እሱ ብስክሌቱ ላይ ወጥቶ ነበር፤ በብስክሌቱም ጥሏት ሄደ። መንገዱ የሐይቁን ዳር የሚከተል በመሆኑ ጎማው ጭቃና ውኃ ይረጭባቸው ስለነበር የማንም እግር አልደረቀም።

አያ ጅቦ ጫማ የሚደረግበት ቦታ ሲደርስ እመት አህያ ከሩቅ እንደ ነጥብ ትታይ ነበር። ጊዜ አለኝ ብሎ ቁጭ አለ። የመጀመሪያውን ቡትስ ሲስብ፣ ጭቃው እግሩን ከቆዳው ጋር አጣብቆ መሐል ላይ አስቀረው። ተንፈራገጠ። ተነሥቶ ዘለለበት። እንደ ምንም ገባለት፤ ከዚያ ክሩን በቀዳዳዎቹ ማስገባት ጀመረ። አንዱን ሲያስገባ ሌላው ይወጣል። ሁለተኛውን ቡትስ ሲጀምር ላብ አጥምቆት ነበር።

እመት አህያ ደረሰች። ብስክሌቷን አስደገፈች። ማንጠልጠያውን ነክሳ ሳበች፤ አንድ። ሳበች፤ ሁለት። የኋላዎቹንም እንዲሁ አደረገች። አያ ጅቦ ቀና ብሎ ሲያያት ጭንጫው ላይ ገብታለች።

«ቆዪ! ቆዪ እንጂ!» ብሎ ጮኸ፤ የሚቆምለት ግን አልነበረም።

የፊት እግሮቹን ጫማ እንደ ነገሩ አስሮ የኋላውን አነሣ። የፊት እግሮቹ በቡትስ ስለታሰሩ ክሩን በጥርሱ ሳበ። የረጠበው የበሬ ቆዳ ሽታ አፍንጫውን ሞላው። ከትናንት ጀምሮ ምንም እንዳልቀመሰም ትዝ አለው።

«ጫፉን ብቻ» አለ በልቡ።

ጫፉን በላ። ከጫፉ አልፎ ቆዳው ሁሉ ካለቀ ወዲያ ሶሉ ብቻውን ምን ይሠራል ብሎ ሶሉንም በላ። እመት ቀበሮ በዚህስ አልዋሸችም፤ በሬው የሰባ ነበር። ልቡ ሲመለስ እመት አህያ ርቃ ሄዳለች። አራተኛውን ቡትስ ትቶ ለመሄድ አንጀቱ ስላልቻለ በአፉ ይዞት ሮጠ።

ይሁንና ጅብ ጅብ ነው። ሮጠ ስንል ሮጠ ነው። እመት አህያ ከኋላዋ ትንፋሹን ሰማች። ሳንባዋ ሊፈነዳ ደርሷል፤ እግሯ ግን ጫማው ውስጥ ደህና ነበር፣ ድንጋዩም አላገኛትም። የልጇ ስም በአፏ ላይ ነበር። ቋጥኙ ቀረበ፤ ትንፋሹም ቀረበ፤ ጭራዋን ሊይዝ ትንሽ ሲቀረው አንድ ስለታም ድንጋይ የአያ ጅቦን ባዶ የኋላ እግር ወጋው።

«ዋይ!» አለ።

ዋይ ሲል አፉ ተከፈተ፤ አፉ ሲከፈት ቡትሱ ወደቀ። ቋጥኙ ከፊቱ ነው፤ ቡትሱ ከኋላው ነው። አያ ጅቦ አንዴ ወደዚህ አንዴ ወደዚያ አየና ቡትሱን ሊያነሣ ተመለሰ።

እመት አህያ ቋጥኙን በአፍንጫዋ ነካች። ከዚያ እዚያው ተቀመጠች።

«አጭበርብራለች!» እያለ ደረሰ አያ ጅቦ። «ጫማዋን እንኳን አላሰረችም! እዩት!»

አያ አንበሶ ጎንበስ ብሎ የእመት አህያን ጫማ አየ። ላስቲኩን በጥፍሩ ሳብ አድርጎ ለቀቀው።

«የሷስ እግሯ ላይ ነው» አለ። «ያንተ አንዱ የት አለ?»

አያ ጅቦ ሊመልስ አፉን ሲከፍት ግሳት ቀደመው።

«ጨፌው የአህያ ነው» አለ አንበሳው። «አንተም የያዝከውን እየበላህ መንገድህን ያዝ።»

ከጥቂት ቀን በኋላ የእመት አህያ ወተት ተመለሰ። ውርንጭላዋ ጠባች፣ ጠገበች፣ በለምለሙ ሣር መሐልም መቦረቅ ጀመረች። እናትየዋ ሸራ ጫማዎቹን አጥባ ዛፍ ላይ ሰቀለቻቸው። ቀዩንም አልጣለችውም፤ እግሯ ደረቅ በሆነና የሚያስቸኩል ነገር በሌለ ቀን ታደርገዋለች፤ እውነትም ያምርባታል።

እመት ቀበሮ ደግሞ በውድድሩ ማግስት ሱቋ በር ላይ ውኃ የሞላ ሳፋ አስቀመጠች። «እግራችሁን ነክራችሁ ግቡ!» ትላለች የመጣውን ሁሉ። «እኔ ድሮም የምመክረው ይህንኑ ነበር።»

ከዚህ የምንማረው፣ ለጭንቅ ሰዓት የምንመርጠውን ዕቃ በጭንቁ ሰዓት እንደምንሆነው ሆነን ካልሞከርነው፣ ማማሩ ብቻውን እንደማያደርሰን ነው።