አልፎ የሚመለሰው ሌንስ

አንድ ፎቶ አንሺ ነበር። ስሙ ይርዳው ይባላል። በዚያች ከተማ በእሱ ካሜራ ፊት ያልቆመ ሙሽራ አልነበረም ቢባል ማጋነን አይሆንም። ፎቶ ቤቱን የከፈተው ግን ብቻውን ሳይሆን ከጓደኛው ከቦጋለ ጋር ነው። ይርዳው ያነሳል፣ ቦጋለ ጨለማ ክፍል ገብቶ ያጥባል። ሃያ ሁለት ዓመት እንዲህ አብረው ሠሩ።

ያ ዘመን ደስ ይል ነበር። በበዓል ሰሞን ሰው በረንዳው ላይ ተሰልፎ ተራውን ይጠብቃል። ኮት የሌለው የፎቶ ቤቱን ኮት ይዋሳል፤ ያው አንድ ኮት ከኋላ በመርፌ ቁልፍ እየተያዘ ለቀጭኑም ለወፍራሙም ይሆን ነበር። ቦጋለ ጣቱ መድኃኒት መድኃኒት እየሸተተ ከጨለማው ክፍል ብቅ ይልና፣ «ይርዳው፣ ሴትዮዋ ዓይኗን ጨፍናለች፣ መልሳት!» ይላል። ከዚያ እርጥቦቹን ፎቶዎች በልብስ መቆንጠጫ ገመድ ላይ ይሰቅላል። ምሳ ሲደርስ ሁለቱም ከአንድ ሳህን ፍርፍር ይበላሉ፤ ቦጋለ ሁልጊዜ ቃሪያውን ወደ ይርዳው ይገፋለታል። ይርዳው ያን ጊዜ ደስተኛ መሆኑን አላወቀም። ሥራ ላይ ያለ ብቻ ነበር የመሰለው።

ከዚያ አዲሱ ካሜራ መጣ። ፊልም የለውም፣ እጥበት አይፈልግም፣ ፎከሱንም ራሱ ያስተካክላል። ይርዳው ካሜራውን በገዛበት ቀን ደንበኞች በተሰበሰቡበት፣ «ከእንግዲህ ጨለማ ክፍል አያስፈልገንም» አለ። ነገሩ እዚህ ላይ ቢያበቃ ምንም አልነበረም። እሱ ግን ወደ ቦጋለ ዞሮ፣ «አንተም ብትሆን እኮ ጊዜህ አልፏል» ብሎ ሳቀ። ደንበኞቹም አብረውት ሳቁ። ቦጋለ ሽርጡን አውልቆ ወንበሩ ላይ አስቀመጠና ወጣ። በማግስቱ አልመጣም፤ ይርዳውም ሰው አልላከበትም።

አስራ አንድ ዓመት አለፈ። ሁለቱ ሰዎች ለቅሶ ቤት ሲገጣጠሙ አንዱ በዚህ፣ አንዱ በዚያ ጥግ ይቀመጣሉ። አንድ ቀን የዕድሩ ሰብሳቢ ይርዳውን ጠጋ ብሎ፣ «የቦጋለ ዓይን እየደከመ ነው። ሐኪሞቹ ቀስ በቀስ ይጠፋል ብለውታል። ምነው ሄደህ ብትጠይቀው?» አለው። ይርዳው «እሄዳለሁ» አለ። ግን ኩራት ያዘው። «ጥሎ የሄደው እሱ ነው፣ እሱ ይምጣ» እያለ አንድ ዓመት ሙሉ ከረመ። ምሳ ሰዓት ሲደርስ ግን ቦጋለ ትዝ ይለው ነበር።

አንድ ማለዳ ይርዳው ሰሞኑን የገዛውን ሌላ ካሜራ ይዞ ሬዲዮ፣ ሰዓትና ካሜራ ወደምትጠግነው ወደ ስንዱ ሄደ።

«ስንዱ፣ ይሄ ነገር ተበላሽቷል» አላት። «ሰው አስቀምጬ ላነሳ ስል ሌንሱ ወደፊት ይሄዳል፣ ወደኋላ ይመለሳል። ምስሉን አጥርቶት ሳለ እንደገና ያደበዝዘዋል። ሰክሯል መሰለኝ!»

ስንዱ ሳቀች። ካሜራውን ተቀብላ ግድግዳዋ ላይ ወደተሰቀለው የቀን መቁጠሪያ አዞረችው። «ይዩ ጋሽ ይርዳው። እንዲህ ያለ ካሜራ ማንን እንደሚያነሳ አያውቅም። የሚያየው የጥቁሩንና የነጩን ድንበር ነው። ምስሉ ሲደበዝዝ ድንበሩ ይቀላቀላል፣ ሲጠራ ደግሞ ቁልጭ ብሎ ይለያል። ስለዚህ ሌንሱ ድንበሩ ይበልጥ እየተለየለት እስከሄደ ድረስ ይጓዛል።»

«ታዲያ የጠራው ላይ ሲደርስ ለምን አይቆምም?»

«ከዚያ የበለጠ የሚጠራ ከፊቱ እንደሌለ በምን ያውቃል? ትንሽ ማለፍ አለበት። ሲያልፍ መደብዘዝ ይጀምራል። ያኔ ‹ለካ የጠራው ያ ነበር› ብሎ ይመለሳል። እርስዎስ ቢሆኑ ድሮ የሌንሱን ቀለበት በእጅዎ ሲያዞሩ እንዲሁ አልነበር የሚያደርጉት?»

እውነቷን ነው፤ ይርዳው ዕድሜ ልኩን ሲያደርገው የኖረው ነገር ነው። የበረንዳው ሰልፍና የቦጋለ ድምፅ ትዝ አሉት። «እኔ ግን አልፌ አስራ ሁለት ዓመት ሄድኩ» አለ። ስንዱ የሚለው አልገባትም። ካሜራውን ጠረጴዛዋ ላይ ትቶ ወጣ።

ቦጋለ ደጃፉ ላይ ተቀምጦ ፀሐይ ይሞቅ ነበር። ይርዳው ፊት ለፊቱ ቆመና፣ «ቦጋለ» አለው።

ቦጋለ ራሱን ወደ ድምፁ አዞረ። «ይርዳው ነህ? ድምፅህ ነው። ፊትህ ግን አይታየኝም። ዓምና ብትመጣ ኖሮ አይህ ነበር።»

ይርዳው ተንበርክኮ ጉልበቱን ያዘ። «ይቅር በለኝ፣ በሰው ፊት አዋረድኩህ» አለና አለቀሰ።

ቦጋለ እጁን ሰዶ ራሱን ዳበሰው። «ይቅር ብዬሃለሁ። በል ተነስ፣ አጠገቤ ቁጭ በል።» ከዚያም ፀጉሩን እየነካ፣ «ፀጉርህ ሸበተ እንዴ?» ብሎ ጠየቀው።

«አንድም ጥቁር አልቀረኝ።»

«ለእኔ እንግዲህ እንደጠቆረ ይቀራል» አለ ቦጋለ።

ወዳጆቼ፣ ማለፍ ስህተት አይደለም። ሌንሱም ያልፋል፤ ሳያልፍ የጠራው የቱ እንደሆነ አያውቅም። እኛም ደጉን ጊዜያችንን የምናውቀው ካለፍነው በኋላ ነው። ነገር ግን ሌንሱ መደብዘዙን እንዳየ ወዲያው ይመለሳል። እኛ እየደበዘዘብን እንደሆነ እያየን «እሱ ይምጣ» እያልን ጉዟችንን እንቀጥላለን። ያለፈውን ዘመን ማንም አይመልሰውም፤ ወደ ሰውየው መመለስ ግን ይቻላል፣ ያውም ሳይመሽ። ይርዳው ከጓደኛው ጋር ታርቋል፤ ጓደኛው ግን ዳግመኛ አላየውም።

እናንተስ? አልፋችሁት የሄዳችሁ፣ ፊታችሁን ግን ዛሬም ማየት የሚችል ሰው ማን አለ?