ድሩን ተጠግታ የምታይ ልጅ

አንድ ሸማኔ ነበረ። ትርንጎ የምትባል አምስት ዓመት የሞላት ልጅ ነበረችው፤ በጣም ይሳሳላታል። አባቷ ሲሸምን ከጎኑ ቁጭ ትልና ፊቷን ድሩ ላይ ልትለጥፈው ምንም አይቀራትም። ሌላ ቤት ቢሆን «ይቺ ልጅ ምን ሆናለች?» ይባል ነበር። እዚያ ቤት ግን አያቱም፣ አባቱም፣ እሱም ክር ላይ እንዳጎነበሱ የኖሩ ናቸውና ማን ይጠርጥር! ሸማኔው እንዲያውም ደስታውን አልቻለውም። «ሙያው ከአሁኑ ደሟ ውስጥ ገብቷል» እያለ ለመጣው ሁሉ ያወራል።

መዋዕለ ሕፃናት ስትገባ ግን ነገሩ ሌላ ሆነ። ሰሌዳ ላይ የተጻፈውን ስትጠየቅ ትርንጎ ዝም ትላለች። ልጆቹ «ደደብ» ይሏት ጀመር፤ እሷም ጠዋት ጠዋት «አልሄድም» እያለች በሩን ይዛ ታለቅሳለች። አባቷ የሚያደርገው ጠፋው።

አንድ ቀን የዓይን ሐኪም ትምህርት ቤቱ መጣችና ወላጆች ተጠሩ። ሐኪሟ የትርንጎን ግራ ዓይን በመዳፏ ስትሸፍን ልጅቷ ምንም አላለችም። ቀኙን ስትሸፍንባት ግን እየጮኸች እጇን ገፈተረቻት።

ሸማኔው አፈረ። «ተይ እንጂ! ምን ዓይነት ባለጌ ነሽ?» ብሎ ተቆጣ።

«አይቆጧት አባቴ» አለች ሐኪሟ። «የምታይበትን ዓይን እኮ ነው የሸፈንኩባት። ግራው ሥራ ፈቶ ተቀምጧል። ቀኙም ቢሆን ሩቅ አያይም።»

ሸማኔው ክው አለ። «ታዲያ ምነው አንድ ቀን እንኳ ሳትነግሪኝ ቀረሽ?» አላት ልጁን።

«የሰው ሁሉ ዓይን እንዲህ አይደል እንዴ?» አለችው።

መነጽር ታዘዘላት። ሰነፉ ዓይን ሥራ እንዲለምድም ደህናው በየቀኑ ለተወሰነ ሰዓት ይሸፈን ጀመር። አኩርፋለች፣ አልቅሳለች፤ አባቷ ግን እያባበለ ገፋበት። ከወራት በኋላ እሱ ሲሸምን ትርንጎ ደጃፉ ላይ ቆማ «አባዬ፣ ጥለቱ ላይ ቀዩን ክር ዘለልከው» አለችው። ጎንበስ ብሎ ቢያይ እውነቷን ነው። ሥራው ተበላሽቶበት እንዲያ የሳቀ ሸማኔ የለም።

አንቺም እህቴ፣ «ልጄ አንድም ቀን ዓይኔን አላለኝም፤ ደህናውን ልጅ ምን ብዬ ላስመርምር?» ብለሽ ጠየቅሽኝ። ልጅሽ እንደ ትርንጎ ነው፤ አጥርቶ ማየት ምን እንደሆነ ካላወቀ፣ ጎደለኝ ብሎ ከየት አምጥቶ ይንገርሽ? አንቺም እንደ ሸማኔው ነሽ፤ ስለምትወጂው ሁሉ ነገሩ አምሮ ይታይሻል። በይ ገና ሕፃን ሳለ ውሰጂው። ደህና ከሆነም ደስ ብሎሽ ትመለሻለሽ።