ወፍጮ ለድመት የሰጠችው ድምፅ

ተረት ተረት። የላም በረቱን ጮክ አድርጋችሁ በሉልኝ፤ ሰሚው ካንቀላፋ ተረት መንገድ ይስታል።

በድሮ ዘመን፣ ዕቃው ሁሉ አፍ በነበረው ጊዜ፣ ድመት ሁለት ድምፅ ብቻ ነበራት። ሲርባት «ሚያው» ትላለች፤ ስትቆጣ «እፍፍ» ትላለች። ሌላ አታውቅም።

አንድ ክረምት ጎተራ ሥር ወለደች። ጎርፍ ገብቶ ልጆቿን ወሰደባት። የቀረችላት አንዲት ብቻ ናት፤ እሷም ዓይኗ ያልተገለጠ፣ ጆሮዋ ያልተከፈተ፣ በብርድ የደረቀች። ጡት ብትሰጣት አትይዝም። ብትጠራት አትሰማም። እናቷ እዚህ መሆኗን በምን ትንገራት?

ድመት ግድግዳው ላይ ወደተሰቀለው የዘፈን ከበሮ ሄዳ ድምፅ እንዲሰጣት ለመነችው። ከበሮ ሆዱን ነፍቶ፣ እሱ የሠርግ እንደሆነ፣ ጭንቅ ባለበት እንደማይመታ ነገራት። «ልጅሽ ስትድን ጥሪኝ» አላት።

ወደ ጡሩምባ ሄደች። ጡሩምባ ደግሞ የሞት ለፋፊ ነው፤ ነፍሷ ላልወጣች እንደማይነፋ ነገራት። «ስትሞት ጥሪኝ» አላት። አንዱ ደስታን ይጠብቃል፣ አንዱ ሞትን ይጠብቃል፤ በመካከል ላለችው የሚደርስ ጠፋ።

በመጨረሻ ጥግ ወዳለችው ወፍጮ ሄደች። ወፍጮ ዱቄት የለበሰች አሮጊት ድንጋይ ናት። ድመት ሥሯ ወደቀች።

«እመት ወፍጮ፣ እርስዎስ የየትኛው ቀን ነዎት?»

«እኔ ቀን አልመርጥም ልጄ። የሠርጉንም እፈጫለሁ፣ የተዝካሩንም እፈጫለሁ፤ ድምፄ አንድ ነው። እሰጥሻለሁ፤ ግን አንቺም ቀን አትመርጪም። ደስ ሲልሽ ይመጣል። ሲያምሽም፣ ስትፈሪም፣ ነፍስሽ ስትወጣም ይመጣል። ሰው ሁሉ ደስ ያለሽ ይመስለዋል፤ ሕመምሽን የሚያውቅልሽ አይኖርም። ትወስጂዋለሽ?»

ድመት ዞራ ልጇን አየች። «እወስደዋለሁ» አለች።

ወፍጮ ከመጇ ሥር የቀረውን ዱቄት አስላሰቻት። ወዲያው ድመት ደረት ውስጥ አንድ ነገር ወዲያና ወዲህ ይል ጀመር። ትንፋሿ ሲገባ ኩርር፣ ሲወጣ ኩርር።

ሮጣ ልጇን ደረቷ ላይ አጣበቀቻት። ልጅቱ አልሰማችም፤ ጆሮዋ ድፍን ነው። ንዝረቱ ግን በአጥንቷ ገባ። መጀመሪያ አንድ እግሯ ተንቀሳቀሰ። ከዚያ ያለ ዓይን፣ ያለ ጆሮ፣ ድምፁን በሆዷ እየተከተለች ጡቱ ላይ ደረሰች። ከበሮና ጡሩምባ አፋቸውን ያዙ። ጆሮ የማይፈልግ ድምፅ እንዳለ እስከዚያ ቀን አያውቁም ነበር።

ዓመታት አለፉ። ድመት የልጅ ልጆቿን ከእባብ ስትከላከል ተነደፈች። ወፍጮዋ ሥር ተጋደመች። ቤቱ ሁሉ ጩኸቷን ጠበቀ፤ እሷ ግን ኩርር አለች።

«እየሞተች ደስ ይላታል?» አለ ጡሩምባ።

ያቺ በብርድ ደርቃ የነበረችው ልጅ መጣች። ትልቅ ድመት ሆናለች። ምንም አልጠየቀችም። ደረቷን ከእናቷ ደረት አጣብቃ ኩርር ብላ መለሰችላት። «እዚህ ነኝ» ትላለች አንዷ፤ «እዚህ ነኝ» ትላለች ሌላዋ። በመጨረሻ የአንዷ ብቻ ቀረ። ጡሩምባም ሊነፋ አፍሮ ቆመ።

እናም ድመት ጭናችሁ ላይ ኩርር ስትል «ደስ ብሏት ነው» ብላችሁ አትለፏት፤ እጃችሁን ደረቷ ላይ አኑሩ። ወፍጮ ለሠርጉም ለተዝካሩም ድምፅዋ አንድ ነው፤ የምትፈጨውን የሚያውቅ ወደ እሷ የቀረበ ብቻ ነው።

ተረቴን ለወፍጮ መልሱልኝ፤ ዳቦውን ከዱቄቷ ላኩልኝ።