ዘነቡና የማዶው ቋንቋ

ተረት ተረት!
የላም በረት!
ምነው ድምፃችሁ ሰለለ? ላሞቹ ተኝተዋል እንዴ? ተረት ተረት!
የላም በረት!
እሰይ!

በድሮ ዘመን፣ በአንድ ትልቅ ወንዝ ዳር፣ ዘነቡ የምትባል ልጅ ነበረች። እናቷ ከወንዙ ማዶ ተድራ የመጣች ነበረች። የማዶ ሰዎች ቋንቋቸው ሌላ ነው። እናቲቱ በቋንቋዋ ስትናገር ጎረቤቱ ሁሉ ሳቀባትና ቋንቋዋን ዋጥ አደረገችው። ለልጇም ሳታስተምራት ሞተች።

ዘነቡ አደገች። ልቧ ግን ሁልጊዜ ማዶ ነበር። እናቴ ልጅ ሳለች ምን ትመስል ነበር? ምን ያስቃት ነበር? ይህን የምታውቀው ማዶ ያለችው አያቷ ብቻ ነበረች።

አባቷ፦ አስተርጓሚ ልፈልግልሽ? አላት።

ዘነቡ፦ የእናቴን ነገር በሰው አፍ አልጠይቅም! አለች።

ከዚያም አለቃ ድንበሩ ዘንድ ልትማር ገባች። አለቃ ድንበሩ የማዶን ቋንቋ አበጥረው የሚያውቁ ሰው ነበሩ። እውቀታቸውን ማንም አይነቅፍም፤ እኔም አልነቅፍም። ቁጣቸው ግን አይጣል ነው! ልጅ አንዲት ቃል ከሳተ ጆሮውን ይቆነጥጡና፦ አንተ ድንጋይ! ይሉታል። ዘነቡ ቃሉን ሁሉ ያዘች። ፍቅሩ ግን ከልቧ ወጣ። የእናቷ ቋንቋ መሆኑ ቀረና የአለቃ ድንበሩ ቋንቋ ሆነባት።

አንድ የገበያ ቀን አያቷ ልታያት ከማዶ ተሻግራ ገበያ መጣች። የልጅ ልጇን አየችና እጇን ዘርግታ በቋንቋዋ፦ ደህና ነሽ ልጄ? አለቻት። ቀላል ነገር! ዘነቡ መልሱን ታውቀዋለች። አፏን ከፈተች። ብስትስ? አለች በልቧ። ያን ጊዜ እጇ ሳታዘው ሄዶ ጆሮዋን ሸፈነ። አሮጊቷ ደነገጠች። ድምፄን መስማት ጠላች ብላ አሰበችና ነጠላዋን ተከናንባ ወደ ማዶ ተሻገረች። ከዚያ ወዲያ ገበያ አልመጣችም።

ዘነቡ ወንዙ ዳር ተቀምጣ ስታለቅስ ትጓደድ አገኘቻት። ትጓደድ ማዶ እየተሻገረች ጌሾ የምትነግድ ሴት ናት። ቋንቋውን የምታውቀው ግማሹን ነው፤ የቀረውን በቅንድቧ ትሞላዋለች።

፦ ምን ሆነሻል ልጄ?

፦ እትዬ፣ ብናገር እሳሳታለሁ።

፦ ብትሳሳቺስ! እኔ ማዶ ሠርግ ተጠርቼ፣ ልመርቅ ብዬ ሙሽራውን ሰድቤው እርፍ! ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። ይኸው ዛሬም ሲያዩኝ ቀድመው የሚያጎርሱት እኔን ነው።

ክረምቱን ሁሉ የጌሾውን ቅጠል ከእንጨቱ እየለዩ በማዶ ቋንቋ አወሩ። ዘነቡ ስትስት ትጓደድ ትስቃለች። ትጓደድ ስትስት ዘነቡ ትስቃለች። እናቷ ላይ የተሳቀው ሳቅ ሌላ ነበር፤ ይህኛው አብሮ የሚሳቅ ነው። ዘነቡም ቋንቋውን እንደገና ወደደችው። ሌሊት በሕልሟ ሳይቀር ትናገረው ጀመር። አንተ እዚያ ጥግ ያለኸው፣ አታንቀላፋ፤ ወንዙ ሊጎድል ነው።

ወንዙ ሲጎድል ተሻገረች። አያቷ ደጃፏ ላይ ተቀምጣ ነበር። ዘነቡ እግሯ ላይ ወደቀችና በተሰባበረ ቋንቋ፦ እምዬ፣ ያን ጊዜ የፈራሁት መሳሳትን ነው እንጂ አንቺን አይደለም፤ አለቻት።

አሮጊቷ አቀፈቻት። ዘነቡ የእናቷን ነገር ልትጠይቅ ስትል አያቷ ቀደመቻት።

፦ ልጄ ደስ ብሏት ኖረች?

ዘነቡ ልትጠይቅ እንጂ ልትጠየቅ አልመጣችም።

፦ ሞተች ብለው መልእክተኛ ላኩብኝ፤ አለች አያቷ። ፦ አላለቀስኩም። እንዴት እንደኖረች ሳላውቅ ምን ብዬ ሙሾ ላውርድላት? ማንንስ ልጠይቅ? እንዲሁ ስጠብቅ አረጀሁ።

ዘነቡም እየሳተች፣ እየተንተባተበች ነገረቻት። እናቴ ጎመን ስትኮተኩት ታንጎራጉር ነበር። ዝናብ ሲመጣ በቀሚሷ ትጠቀልለኝ ነበር። ሲመሽ ወንዙ ዳር ወጥታ ወደዚህ ታይ ነበር። አያቷም የሰማችውን እየተቀበለች በሙሾ አወረደችው። እንቁራሪት የምትፈራ፣ ማር ስትሰርቅ በሳቋ የምትያዝ ልጅ እንደነበረች ከራሷ ጨመረችበት። ዘነቡ የናፈቀችውን ያን ቀን ሰማች፤ ሁለቱም ተያይዘው አለቀሱ።

ጎረቤቶች ጩኸቱን ሰምተው ሮጠው መጡ።

፦ ምንድን ነው? ማን ሞተ?

፦ ልጄ፤ አለች አሮጊቷ። ፦ ዛሬ ገና መርዶዋን አረዱኝ።

በሉ እንግዲህ፣ ተረቴን መልሱ፣ አፌን በትኩስ ቂጣ አብሱ። ቅቤ ብትቀቡትም አልቆጣ።